የበርሜል ክዳን በግንብ ላይ ሲሻገር

ወሬው የደረሰኝ እጄ በሳሙና አረፋ ውስጥ እያለ ነው። በምኖርበት የፊንላንድ ከተማ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን የለንም። አዳራሽ ከሉተራኖቹ ተከራይተን ቅዳሜ ቅዳሜ እናስቀድሳለን፤ እሑድ ባለቤቶቹ ይፈልጉታል። ያን ቀን ከቅዳሴ በኋላ የሽሮውን ድስት ማጠብ የእኔ ተራ ነበር። ስልኬ ሲጮኽ አለቃዬ ናት። ቅዳሜ ደውላ የማታውቅ ሴት ስለሆነች እጄን ሳላደርቅ ድምፁን ከፍቼ አነሣሁት።

"አስካለ፣ ገንዘቡ ቆመ" አለችኝ። "ከዚህ ዙር በኋላ አይቀጥልም። ድሬ ዳዋ ወርደሽ የመጨረሻውን ቆጠራ አድርጊ፣ ሰዎቹን አመስግኚና ዝጊው።"

እኔ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የምሠራ ሴት ነኝ፣ ሥራዬም ትንኝ ነው። ወባ የረግረግና የገጠር በሽታ ነው ተብለን ነው ያደግነው። አሁን ግን ከእስያ የመጣች፣ በጅቡቲ ወደብ በኩል ገብታ መንገዱን ተከትላ የወጣች ሌላ የወባ ትንኝ አለች፤ እሷ ደግሞ ከተማ ትወዳለች። እንቁላሏን የምትጥለው ሰው ለመጠጥ ባጠራቀመው ንጹሕ ውሃ ላይ ነው። ድሬ ዳዋ ውስጥ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በተራ ስለሆነ በርሜል የሌለው ግቢ የለም። ስለዚህ መጋላ በሚባለው የድሬ ሰፈር ውስጥ ጀርባ ለጀርባ የሆኑ ሁለት መንደሮችን መረጥን። ለአንደኛው መንደር ደቃቅ መረብ የተወጠረበት የቆርቆሮ ክዳን ለየበርሜሉ ሰጠን። ሁለተኛውን መንደር "እናንተ ጠብቁ፤ ክዳኑ እንደሚሠራ ሲታወቅ ለእናንተም ይደርሳችኋል" አልነው። ጅቡቲ ያለ አንድ ሰፈርም ውጤታችንን ይጠብቅ ነበር። ወጪው በሙሉ ከፊንላንድ ሕዝብ ግብር ነው።

"ለምን ቆመ?" አልኳት።

"በሁለቱ መንደሮች መካከል ምንም ልዩነት አልተገኘም። ክዳኑ አልሠራም ማለት ነው።"

አጠገቤ ሳህን የሚያደርቀው አቶ ጌታቸው ነበር፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ነገር አያመልጠውም። "እንዴት ነው እሱ! እኔ በበረዶ ስነዳ አድሬ የምከፍለው ግብር የድሬ ትንኝ ሲቆጠርበት ከርሟል በይኛ!" አለ። ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። "የምሬን ነው እህቴ። የዚህ አገር መንግሥት የኛን አገር ትንኝ ምን አገባው?"

ደርሼ ስመለስ እጽፍልሃለሁ አልኩት። ይህን የምጽፈው ለእሱና እንደ እሱ ድሬን ለማያዩ የማኅበራችን ሰዎች ነው።

ማክሰኞ ተነሣሁ። መንገድ ዳር ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም ነበር። አውሮፕላን ውስጥ የጾም ምግብ አዝዤ የመጣልኝ አይብ ነው። አስተናጋጇ አንገቷን ደፍታ ዳቦና ፖም አመጣችልኝ፤ ዐቢይ ጾም ምን እንደሆነ ላስረዳት ጀመርኩና ደክሞኝ ተውኩት።

ረቡዕ አዲስ አበባ ገባሁ። አሳቤ እስከ እሑድ ደብረ ብርሃን ታላቅ እህቴ ዘንድ ሰንብቼ፣ ከዚያ ወርጄ ሰኞ ድሬ ላይ ሥራ ልጀምር ነበር። እህቴ በስልክ "አትምጪ" አለችኝ። "መንገዱ ደህና አይደለም። ባላይሽም በሰላም መኖርሽን ልስማ።" ከሩቅ አገር ድረስ መጥቼ ቤቴ እዚሁ ኮረብታው ማዶ ሆኖ ሳልደርስበት ቀረሁ። ብዙ አላለቀስኩም። ሰው ሲደክመው ልቅሶም ጉልበት ይፈልጋል። ሐሙስ የሚሄድ ባቡር አለ ሲሉኝ ትኬት ቆረጥኩ። ድሬ ላይ ሥራውን የምታስተባብረው ሂንዳ ናት፤ ቀድሜ መምጣቴን ልነግራት ደጋግሜ ደወልኩ፣ ስልኳ አይገኝም።

የባቡሩ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ገና ሳይነጋ ሄጄ ሻንጣዬን አስፈትሼ ተሰለፍኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው የድሬ ነጋዴ ናት፣ ከመርካቶ የልጆች ጫማ ጭና ትመለሳለች። የውሃ ጠርሙስ አወጣሁና ረመዳን መሆኑን አስታውሼ መለስኩት።

"ጠጪ እንጂ፣ እኔ ለምጄዋለሁ" አለችኝ።

"እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ነኝ።"

"አቦ! በይ ሁለታችንም ደርቀን እንግባ" ብላ ጭኔን መታችኝ። "የእናንተ ስንት ቀን ነው?"

"ሃምሳ አምስት።"

"ሃምሳ አምስት! ለዚህ ነው የከሳሽው።"

ፊንላንድ ውስጥ ባቡር ላይ ማንም ማንንም አያናግርም፤ ዓይን እንኳ አይገጥምም። እኛ መተሐራ ሐይቁ ዳር ስንደርስ የሴትዮዋን ሁለቱንም ባሎች በስምና በጠባይ አውቄያቸው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠርሙሱን ከቦርሳዬ ራሷ አውጥታ ሰጠችኝ። ዞር ብዬ ጠጣሁ።

ስንወርድ የድሬ ሙቀት ገፋ አድርጎ ተቀበለኝ። ደብረ ብርሃን ለተወለደ፣ በረዶ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ቅጣት ነው። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፍ ያጠላበት ፔንሲዮን ያዝኩ። ቧንቧው ደርቋል። የቤቱ ሴት ጀሪካን ተሸክማ መጣችና "ይቅርታ እህቴ፣ የውሃ ተራችን ነገ ነው፤ እስከዚያ ከበርሜሉ ቅጂ" አለችኝ። ልማድ ሆኖብኝ በርሜሉን በስልኬ መብራት አየሁት። የትንኝ እጮቹ ብርሃኑን ሲያዩ ወደ ታች ተወራጩ። ሴትዮዋን ጠርቼ አሳየኋት። "እነዚህ የውሃ ትሎች? ሁሌም አሉ እኮ፣ ምንም አይሉም" አለችኝ። ምን እንደሚሆኑ ስነግራት ያን በተራ የተገኘ ውሃ ወዲያው ግቢው ላይ ደፋችው። የደፋችው የቤተሰቧን ገላ መታጠቢያ መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው።

ዓርብ ሂንዳ አሁንም አትገኝም። አክስቷን አዴ ዘይነባን ልጠይቅ ወጣሁ። አዴ እዚያ ለትልቅ ሴት የሚባል የአክብሮት መጠሪያ ነው። ቤታቸው ክዳን በተሰጠው መንደር ነው። የቡድናችን ደንብ ለቆጠራ ስንሄድ ቀደም ብሎ ቀኑን መናገር ነው፤ ሴቶች ያሉበት ግቢ ሳያስታውቁ ዘው ማለት ነውር ነው ብለው የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸው ነግረውን ነበር። ደግ ደንብ ነው፤ እኔም ሳላስታውቅ የሰው ቤት የምገባ ሴት አይደለሁም። ግን የሄድኩት ለሂንዳ ወሬ እንጂ ለበርሜል አልነበረም።

ባጃጅ ይዤ ከዚራንና መጋላን የሚለየውን ደረቅ ወንዝ ተሻገርኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አንኳኩቼ አንገቴን ሳስገባ በመጀመሪያ ያየሁት በርሜሉን ነው። አፉ ክፍት ነው፤ ውሃው ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል።

አዴ ዘይነባ ከጓዳ ወጥተው ሲያዩኝ አፋቸውን ያዙ። "ያ አላህ! ሰኞ አልነበረም እንዴ?" ሰላምታም አላሉኝ። ወደ ጀርባው ግንብ ዞሩና ጮኹ፤ "ኢክራም! ኢክራም ሆይ! ክዳኑን አምጪው፣ ሰዎቹ መጡ!"

ከግንቡ ማዶ ቆርቆሮ ተንኳኳ። ሒና የተቀቡ ሁለት እጆች ብቅ አሉ፤ በእጆቹ ላይ የእኛ ክዳን አለ፣ ቁጥራችን የተጻፈበት። አዴ ተቀበሉት፣ በርሜሉ ላይ ገጠሙት፣ በሻሻቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉለት፣ ከዚያ ዞረው አቀፉኝና ሳሙኝ።

"እንኳን ደህና መጣሽ። ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።"

"አዴ፣ ክዳኑ እዚያ ምን ያደርጋል?"

"ተራው የእሷ ነዋ።"

"የምን ተራ?"

የማይጠየቅ እንደጠየቅኩ ሁሉ ገርሟቸው አዩኝ። "እሷ እርጉዝ ሆና ውሃዋን ክፍት ትታ፣ እኔ አሮጊቷ ከድኜ ልቀመጥ? ሳምንቱን እኩል እንካፈላለን፤ ትንሽ ቀን እዚህ፣ ትንሽ ቀን እዚያ።"

"ሌሎቹስ?"

"ሁሉም ነው፤ ጎረቤት አይደል? እናንተ ስትመጡ ግን እንመልሰዋለን። የሰጣችሁንን በቦታው ማግኘት አለባችሁ፤ አደራ እኮ ነው!"

ኢክራም በኋላ በር ዞራ መጣች። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ገርጥቷል፤ ከወባ የተነሣችው በቅርቡ ነው። ቤቷ ክዳን ገና በሚጠብቀው መንደር ነው። "እንዴት ነሽ እትዬ፣ የእኛ ተራ ደረሰ?" አለችኝ። ተራ ያለችው የራሳቸውን ክዳን የሚያገኙበትን ነው። ሳምኳትና ስለ ጤናዋ ጠየቅኳት። ለሂንዳ የመጣሁ ሴት፣ ሂንዳ ከድሬ ወጣ ብሎ ያለ ሐርላ የሚባል ገጠር ለቅሶ መሄዷንና እዚያ ኔትወርክ እንደሌለ የሰማሁት ስወጣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ያቺ ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይበቃታል። በርሜሉ በተከፈተ ቀን የገባው እንቁላል ክዳኑ ሥር ያድጋል፤ እንደ ገና ሲከፈት በርሮ ይወጣል። ስለዚህ ለሁለት የተካፈሉት ክዳን ለሁለቱም አልሆነም። አዴ ዘይነባም ወባ ይዟቸው ነበር፤ ኢክራምም። እኛ ሁለቱን መንደሮች ቆጥረን ልዩነት የለም አልን። እውነት ነው፣ ልዩነት የለም። የተቆጠረው ግን ክዳኑ አይደለም፣ ጉርብትናው ነው።

አዴ ዘይነባ ሳያስፈጥሩኝ አልለቀቁኝም። ፀሐይ ጠልቃ አዛን ሲል ቴምርና ሳምቡሳ ቀረበ። እጄን ሳዘገይ አዩኝ። "ያንቺ ምስር ነው። መጥበሻውም ሌላ፣ ዘይቱም ሌላ፤ ሥጋ አልነካውም። ደግሞ 'እርስዎ' የምትይኝን ተይ፣ እኔ ስንት ሆኜ ነው?" አሉኝ። እንዲያም ሆኖ 'አንቺ' ማለት ከአፌ አልወጣም። ሳምቡሳው ግሩም ነበር። እኔ ግን ሥራውን ልዘጋ መምጣቴን ገና አልነገርኳቸውም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሂንዳ ከሐርላ ተመልሳ ፔንሲዮኑ በረንዳ ላይ አገኘችኝ። ያየሁትን ነገርኳት። "ወላሂ አላውቅም" አለች። "እኔ ስመጣ ሁሌ በቦታው ነው።" ቆይታ ደግሞ፣ "አቦ አስካለ፣ ዝጊውና ሂጂ። ብትናገሪ የመጋላ ሴቶች ጥናት አበላሹ ይባላል። ከዚያ በኋላ ማን ይመጣል እዚህ ሰፈር?"

"ባልናገርስ?"

"ባትናገሪ ክዳኑ አይሠራም ተብሎ ይቀራል።"

"ጅቡቲም።"

"ጅቡቲም፣ ሌላውም አገር" አለች፤ አንገቷን ደፋች።

የአቶ ጌታቸው ጥያቄ እዚያ በረንዳ ላይ ነው እንደ ገና የመጣብኝ። ክዳን የሚሸጥ ነጋዴ አይጠፋም። ክዳኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ግን ማን ይገዛል? መልሱ ከተገኘ የሁሉም ነው፤ ለብቻ ተይዞ የሚያተርፍ ነገር የለውም። ስለዚህ ማንም አይገዛውም፣ የሁሉም የሆነ ገንዘብ ካልገዛው በቀር። አንዲት ድሃ ከተማ ብቻዋን ብትገዛውም ትንኟ ከጎረቤት አገር በጭነት መኪና ትመለስባታለች። በዚያ ላይ የተገዛው መልስ ሐሰት ሆኖ በየአገሩ ቢበተን ካለመጠየቅ ይከፋል። ዝም ማለትም በሐሰት መመስከር ነው። ይህን አውቄ እንኳ ዝም ማለት አማረኝ፤ በጣም ደክሞኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሁለቱም መንደር ሴቶች አዴ ዘይነባ ግቢ ተሰበሰቡ። ገንዘቡ መቆሙን፣ ለምን እንደ ቆመ፣ ዓርብም ያየሁትን ሳልሸሽግ ተናገርኩ። ሂንዳ የማይገባቸውን በኦሮምኛና በሶማልኛ ትደግምላቸዋለች። ከዚያ አንዷ ከኋላ ጀመረች።

"እንግዲህ ክዳን ለጎረቤት ማዋስ ወንጀል ሆነ?"

"ወንጀል አላለችም፣ ስሚ እንጂ!" አለች ሌላዋ።

"ከመጀመሪያው ለሁላችን ብትሰጡ ምን ነበረበት? ግማሹን ከድናችሁ ግማሹን ለትንኝ!" አለች የመጀመሪያዋ።

ሳይነጻጸር አይታወቅም አልኳቸው። "በልጅሽ ታነጻጽሪያለሽ?" አለችኝ ያችው። ልጅ የለኝም፤ አላልኳትም።

"የነዚያ ሰዎች አገር ትንኝ የለም?" ብላ ጠየቀች ኢክራም።

"አለ። ወባ ግን የለም።"

"ታዲያ ለምን ይከፍሉ ነበር?"

አዴ ዘይነባ መለሱላት። "አፎሻ በይው። እኛ አፎሻችን ውስጥ ሀብታሟም ድሃዋም አታዋጣም? ሞት የማን ቤት እንደሚቀድም አይታወቅማ።"

አፎሻ የእነሱ የመረዳጃ ማኅበር ነው፤ እንደ እኛ ዕድር። እፎይ አልኩ፤ መልሱን ሌላ ሰው አገኘልኝ ብዬ። ግን ያችው ከኋላ ያለችው ሴት አልለቀቀችንም። "አፎሻ እኮ ለቅሶ መሃል ተነሥቶ አይሄድም" አለች።

በመጨረሻ አዴ ዘይነባ "እውነቱን ንገሪያቸው" አሉኝ። "እኛ ከመሰደብ በላይ ምን እንሆናለን? ኢክራም ግን ክዳን ያስፈልጋታል።"

እሑድ ሚካኤል አስቀደስኩ። መጻጉዕ ነበር፤ ውሃው ዳር ለዘመናት ተኝቶ ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው ያጣው የዚያ በሽተኛ ሰንበት። ካህኑ ሲያስተምሩ የማስበው ኢክራምን ሆነብኝ። የድሬ ምእመናን ነጠላቸውን እያራገቡ ያስቀድሳሉ፤ እኛ አዳራሻችን ውስጥ ከካፖርት ጋር ነው። ከቅዳሴ በኋላ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንዲት እናት ቦታቸውን ለቀቁልኝ። የመጣሁበትን አልጠየቁኝም። ድካሜን ብቻ አይተው ነው።

ሰኞ የመጨረሻውን ቆጠራ ክዳኖቹ በተገኙበት አደረግን፤ አትመልሱ ብለናቸዋል። አንዳንዶቹ ግን እፍረት አላስቻላቸውም። ከግንብ ግንብ የቆርቆሮ ድምፅ ይሰማን ነበር። ማክሰኞ ስነሣ አዴ ዘይነባ አንድ ፌስታል ዘይቱን፣ ጋይቫ የሚባለውን ፍሬ፣ ይዘው ፔንሲዮኑ ድረስ መጡ። ባቡሩ ላይ ፈርጦ ልብሴን ሁሉ አበላሸው። እስከ አዲስ አበባ ድረስ የፍሬው ሽታ አልለቀቀኝም፤ አጠገቤ የተቀመጡትም ፈገግ ሲሉ ዋሉ። ኢክራም አልመጣችም፤ መራመድ ከብዷታል።

ተመልሼ ያየሁትን በሙሉ ጻፍኩ። አለቃዬ አንብባ "ይህን እኛ እዚህ ሆነን በምንም አናስበውም ነበር" አለች። ለአቶ ጌታቸውም ነገርኩት። "ስለ ገንዘቡ ገና አስብበታለሁ" አለኝ። "ግን ሴትዮዋ የሰጠችሽ ዘይቱን የታለ?"

የገንዘብ ሰጪው መልስ በዚህ ሳምንት ደረሰ። ጥናቱ ተበላሽቷል ብለው አልጣሉትም። ክዳኖቹ ከማን ግቢ ወደ ማን ግቢ ይሻገሩ እንደ ነበር፣ ከመቼ ወዲህም እንደ ጀመረ በእውነት ከታወቀ፣ ሳይዋስ የቆየ ክዳን ካለም እሱ ከተለየ፣ ቆጠራው እንደ ገና ይሠራል፤ ለሚጠብቀው መንደር ክዳን የመስጠቱ ነገርም እንደ ገና ይታያል ብለዋል። ካልታወቀ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ሂንዳ ቤት ለቤት ዞራ ጠይቃ ነበር። "አንዷም አታምንልኝም" አለችኝ በስልክ። "ሁሉም 'እኔ አላዋስኩም፣ እሷም አልተዋሰችም' ይላሉ። ጎረቤታቸውን ላለማሳጣት ነው።"

ስለዚህ ለአቶ ጌታቸው የጀመርኩትን ይህን ጽሑፍ ሂንዳ በድምፅዋ እንድታነብላችሁ ልኬላታለሁ፤ ያን ቅዳሜ አዴ ዘይነባ ግቢ የነበራችሁ እህቶቼ ሆይ፣ እናንተን ነው የምለምነው። ያዋሳችሁ ማን እንዳዋሳችሁ፣ የተዋሳችሁ ከማን እንደ ተዋሳችሁ ንገሯት። የምትሰጧት ስም የጥፋተኛ ስም አይደለም። ከኋላ ተቀምጠሽ የተናገርሽኝ እህቴም፣ አንቺ መጀመሪያ ተናገሪ፤ አንቺን ይሰሙሻል። ኢክራም ሳትወልድ ይሁን። ደግሞም ሂንዳ ከእንግዲህ ቀን አታስነግርም። በራችሁን ስታንኳኳ ክዳኑን አትመልሱ፤ ባለበት ትየው።